ጠጥቶ ማሽከርከር የሚያስከትለውን ጉዳት ለተማሪዎች ስለ ማስረዳት
(በራዲዮ የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

የዛሬው ርእሳችን ጠጥቶ መኪና ማሽከርከር የሚያስከትለውን ጉዳት የሚመለከት ነው። «እኛ መኪና የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን መኪና የሌለውም ሰው በመንገድ ዳር ይሄዳል፣ በሚኒባስና በባጃጅ ይሳፈራል፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች በመግደልም ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ ነገሩ የባለመኪና ብቻ ሳይሆን የተማሪዎቻችንም ነው ማለት ነው።

በመጀመሪያ፣ መጠጥ በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? አልኮል እንደ እንጀራ መፈጨት አያስፈልገውም። ጥቂቱ ከጨጓራ፣ አብዛኛው ከትንሹ አንጀት በቀጥታ ወደ ደም ይገባና በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ቀድሞ የሚያደበዝዘውም የማመዛዘን ችሎታን ነው። አንድ ሁለት ያለ ሾፌር «ምንም አልሆንኩም» የሚለው ለዚህ ነው። ሊዋሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል። ሁኔታውን የሚመዝንበት አንጎል ራሱ ስለታወከ አይታወቀውም። እየጨመረ ሲሄድ ዓይን ርቀትን መገመት ይሳነዋል፣ እጅና እግርም ይዘገያሉ።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አንድ የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይበቃል። አንዱ ተማሪ ማስመሪያውን ከላይ ይዞ ያንጠልጥል። ሌላው ሁለት ጣቶቹን ሳያስነካ ከዜሮው ግራና ቀኝ ይክፈት። የያዘው ሳይናገር ሲለቀው ሌላው ይቅለበው፤ የያዘበትም ቁጥር ይነበብ። ማንም ዜሮው ላይ አይቀልበውም። ለምን? ዓይን አይቶ፣ አንጎል አዞ፣ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ ጊዜ ያልፋል። ይህ እንግዲህ ምንም ባልቀመሰ ልጅ ላይ ነው። መጠጥ ይህንኑ ጊዜ ያራዝመዋል።

አሁን እርሳስና ደብተራችሁን አውጡ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? 60,000 ሜትርን ለ3,600 ሰከንድ ስናካፍል ወደ 17 ሜትር ይመጣል። የሾፌሩ እግር በመጠጥ ምክንያት ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ፣ መኪናው ፍሬን ሳይነካ 8 ሜትር ያህል ተጨማሪ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን 8 ሜትር በትምህርት ቤቱ ግቢ በገመድ ለኩና አንድ ተማሪ መጨረሻው ላይ ይቁም። ሾፌሩ ፍሬን መርገጡ አልቀረም፤ የረገጠው ግን ልጁን ካለፈ በኋላ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በየሰፈሩ የሚነገሩ የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። ቡና መጠጣት፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ስካርን ያበርዳል ይባላል። ቡና እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን ከደም አያወጣም። አልኮልን በዋናነት የሚያስወግደው ጉበት ነው፤ እሱም አይቸኩልም። በአማካይ ከ1 ሊትር ደም ውስጥ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ይቀንሳል። እስቲ እናስላው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በ1 ሊትር ደሙ ውስጥ 1.5 ግራም አልኮል ያለው ሾፌር ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢነሣ፣ የቀነሰለት 0.9 ግራም ነው። 0.6 ግራም አሁንም ከእርሱ ጋር ነው። ፊቱን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ተሳፋሪ ቢጭንም የማታው መጠጥ አብሮት ተሳፍሯል።

«ጠላ ነው የጠጣሁት» ማለትም ማምለጫ አይሆንም። የጠላ፣ የጠጅና የአረቄ ጥንካሬ እንደ አዘገጃጀቱ ስለሚለያይ ጠጪው ምን ያህል እንደወሰደ አያውቅም። ጫት ቅሞ ለጨብሲ የሚጠጣ ሾፌር ደግሞ ንቁ የሆነ ይመስለዋል እንጂ እጁና እግሩ መዘግየታቸው አይቀርም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ1 ሊትር ደም ከ0.8 ግራም በላይ አልኮል ይዞ ማሽከርከርን ከልክሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለማንኛውም አሽከርካሪ 0.5፣ ለወጣትና ለጀማሪ 0.2 ግራም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 እንደሚደነግገው፣ በመጠጥ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ከፍርዱ በኋላም የሟች ልጆች ያለ አባት፣ የእስረኛውም ልጆች ያለ አባት ያድጋሉ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

አስተማሪዎች፣ አንድ ነገር አደራ እንላችኋለን። ከተማሪዎቻችሁ መካከል እናቱ ጠላ ወይም አረቄ ሸጣ የምታሳድገው፣ አባቱም የሚጠጣ ልጅ አለ። ይህን ትምህርት ስትሰጡ ያ ልጅ እንዳያፍር ተጠንቀቁ። የምንቃወመው መጠጥና መሪ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸውን ነው።

በመጨረሻ፣ ልጁ ምን ያድርግ? ከሠርግ ሲመለሱ የጠጣ አጎቱ «ግባ፣ ላድርስህ» ቢለው፣ ታላቅን እምቢ ማለት ለልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ ሸክሙን በልጁ ላይ ብቻ አንጣል። ልጁ «ጋሼ፣ ከእማዬ ጋር እመጣለሁ» ብሎ ወደ እናቱ መሄድን በክፍል ውስጥ ይለማመድ። ትልልቆቹ ደግሞ ከድግሱ በፊት ማን እንደማይጠጣና ማን እንደሚነዳ ይስማሙ። ደጋሹም እንግዳውን «ጠጡልኝ» ብሎ እንደሚለምን ሁሉ «እዚሁ እደሩ» ብሎ ይለምን፤ ቁልፉንም ይቀበል። ተሳፋሪውም የሾፌሩ ትንፋሽ ከሸተተው ለረዳቱ ነግሮ ይውረድ፣ ለትራፊክ ፖሊስም ያመልክት። የከፈለው ሒሳብ ቢቀርበት ሕይወቱ ትተርፋለች።

ለሳምንት የምትሠሩት መልመጃ የሚከተለው ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ አስሉ። ቀጥላችሁም «የጠጣ አይነዳም፣ የሚነዳ አይጠጣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በደብተራችሁ አምስት ጊዜ ጻፉና ቤት ወስዳችሁ ለቤተሰብ አንብቡ። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።