ስቴልቪዮ፤ ቢወጡትም ቢቀርም ዋንጫ የሚወስን ዳገት

እኛ የኳስ ሰዎች ጣሊያን ሲባል ሳን ሲሮና ኦሊምፒኮ ናቸው ትዝ የሚሉን። ጣሊያኖቹ ግን ትኬት የማይቆረጥበት ሌላ ስታዲየም አላቸው፤ ስቴልቪዮ ይባላል።

ከቦልዛኖ ተነስቶ አልፕስን የሚያቋርጠው የመንግሥት አውራ ጎዳና ቁጥር 38 ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የተራራውን ክፍል ኦስትሪያዎች ከ1820 እስከ 1825 (እ.ኤ.አ.) ያሠሩት ሎምባርዲን ከግዛታቸው ለማገናኘት ነበር። ከፕራቶ በኩል ሲወጣ መጀመሪያ የጥድ ደን፣ ከዚያ ራቁቱን የቀረ ድንጋይ፣ በመሃል 48 ኩርባ። ጫፉ 2 ሺህ 758 ሜትር ነው። «ከእንጦጦ ያንሳል» ብላችሁ ግን እንዳትንቁት፤ ዳገቱ 24 ኪሎ ሜትር ሲሆን በግንቦትም በረዶ ይጥልበታል።

ጂሮ ዲ ኢታሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈበት በ1953 ነው። ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሮዝ ማሊያውን የለበሰው ስዊዘርላንዳዊው ሁጎ ኮብሌት ፋውስቶ ኮፒን በ1 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይመራ ነበር። ኮፒ 33 ዓመቱ ነው፤ ብዙዎች አልቆለታል ብለዋል። ሰውዬው ግን ስቴልቪዮ ላይ ጥሎት ሄደ! ቦርሚዮ ሲደርስ ኮብሌትን በ3 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ በልጦት ነበር። በቃ፣ አምስተኛው ጂሮ የእሱ ሆነ።

በ1984 ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ዳገት የሚከብደው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞሰር ከተራራ ንጉሡ ፈረንሳዊ ሎረን ፊኞን ጋር ተፋጠጠ። አዘጋጆቹ «በረዶ አለ» ብለው ስቴልቪዮን ከጉዞው አወጡት። የፊኞን ወገን «መንገዱ ያሳልፋል፤ ለባለሜዳው አዳላችሁ» ብሎ ጮኸ። ሰሚ አላገኘም። ፊኞን የመጨረሻውን ቀን በ1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ እየመራ ቢጀምርም፣ በሰዓት ሙከራው ሞሰር በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ በለጠው። ጂሮውን ያጣው በ1 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ብቻ ነው።

ያቺን ደቂቃ ስቴልቪዮ ላይ ያገኛት ነበር? ደጋፊ ሲከራከርበት ይኖራል። በ1953 የተሸነፈው ኮብሌት ግን የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም፤ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ሁለቱም ወጡት፣ ኮፒ ቀደመ። ዛሬም የየዓመቱ ጂሮ ከፍተኛ ጫፍ «የኮፒ ጫፍ» ይባላል፤ ስቴልቪዮ በተካተተበት ዓመት ሁሉ ስሙን የሚወስደው እሱ ነው።