ለጥናት ጽሑፍ የሚረዳውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለ መምረጥ

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ጄሚናይና ክሎድ የሚባሉትም ተከትለዋል። በጎንደር ከተማ ሆኖ የጥናት ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ከእነዚህ የትኛውን ይያዝ? «አማርኛው የሚያምረውን» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም።

ከደባርቅ ወይም ከጃናሞራ ገበሬ ቃል ተቀብለን ስንመለስ ማስረጃችን የሰውየው አነጋገር ራሱ ነው። ረዳቱ ያንን ወደ ጋዜጣ አማርኛ ቢለውጠው ጽሑፉ ያምራል፤ ማስረጃው ግን ይጠፋል። ስለዚህ እርማቱን አስቀድመን የምናውቀውን አንድ ገጽ፥ የተናጋሪውን ስምና ቀበሌ አውጥተን፥ ለሦስቱም እንስጥና «የፊደል ግድፈት ብቻ አርም» እንበላቸው። በገጹ ላይ በስሜን ደጋ የሚበቅለው ጅብራ ይኑርበት፤ ቃሉን ስሕተት መስሎት «ጅብ» ብሎ የሚያርም እንዳለ ይታያል። «ገና» የሚለውም ይግባበት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፥ በዓሉ ይሁን ወይም «እስካሁን» ማለት ይሁን የሚታወቀው በዐረፍተ ነገሩ ነው። የማያውቀውን ቃል ሳይነካ የሚተወው ረዳት፥ የራሱ አማርኛ ሻካራ ቢሆንም እንኳ፥ ለዚህ ሥራ ይሻለናል።

የዘመን አቈጣጠሩን ለብቻው መፈተን ያስፈልጋል። ወደ ፈረንጆቹ ዓመት ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የሚጨመረው 7፥ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚጨምር ረዳት ከላይ የጠቀስነውን ኅዳር 2015ን 2023 ያደርገዋል፤ ትክክሉ 2022 ነው።