የገጠመኝ ትውስታ በአንጎል ሕዋሳት እንዴት ይቀረጻል? እንዴትስ ይታወሳል?

መግቢያ

በባሌ፣ ከሐረና ጫካ በስተደቡብ በሚገኘው የደሎ መና ቆላማ አካባቢ፣ ወባ ነባር የጤና ችግር ነው። ትኩሳት ይዞት ሌሊት ሲንቀጠቀጥ ያደረ የአራት ዓመት ሕፃን በእናቱ ታቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። የጤና ባለሙያው የደም ናሙና ከመውሰዱ ጎን ለጎን እናቲቱን ይጠይቃል፦ ትኩሳቱ መቼ ጀመረው? መንቀጥቀጡ ምን ያህል ቆየ? በአንድ ጎን ነበር ወይስ በመላ ሰውነቱ? ከዚያ በኋላ ነቅቶ ጡት ወይም ውኃ ጠይቋል?

በዚህች ሰዓት ባለሙያው ሁለት አንጎሎች ይገጥሙታል። የእናቲቱ አንጎል ሌሊቱን ያየችውን መልሶ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የልጁ አንጎል ደግሞ ወደፊት የሚያየውን ለማስታወስ የሚያስችለው ክፍል አደጋ ላይ ወድቋል። ሁለቱም ጉዳዮች የሚያያዙት በአንድ የአንጎል ክፍል ነው። ስለሆነም የዚህን ክፍል አሠራር ማወቅ ለዕለት ተዕለት የሕክምና ሥራ ጠቀሜታ አለው።

የገጠመኝ ትውስታ ምንድን ነው?

ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ማወቅ የዕውቀት ትውስታ ነው። ቡና መቁላትና መውቀጥ የእጅ ልማድ ነው። ባለፈው ክረምት ልጅ የታመመበትን ሌሊት፣ ማን አጠገብ እንደነበረና ዝናቡ እንዴት ይጥል እንደነበር ማስታወስ ግን ከሁለቱም ይለያል። ይህ ሦስተኛው ዓይነት ምን፣ የት እና መቼ የሚሉትን በአንድነት አስሮ የሚይዝ ሲሆን፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኤንደል ቱልቪንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ራሱን የቻለ የትውስታ ዓይነት አድርገው ለይተውታል።

ይህ ትውስታ የራሱ የአንጎል ክፍል እንደሚያስፈልገው በግልጽ ያሳየው ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ሕመምተኛ ነው። በመድኃኒት አልቆም ያለውን የሚጥል በሽታ ለማስታገስ እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና፣ ከግራና ከቀኝ የጆሮ ግንድ በስተውስጥ የሚገኙት የአንጎል ክፍሎች፣ የሂፖካምፐስ አብዛኛው አካል ጭምር፣ ወጡለት። የሚጥለው ሕመም ቀነሰለት፤ ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚገጥመውን ሁሉ ከደቂቃዎች በላይ መያዝ አቃተው። ሐኪሙን በየቀኑ እንደ አዲስ ይተዋወቅ ነበር። የልጅነት ታሪኩን በአመዛኙ ያስታውሳል፤ አዲስ የእጅ ሥራም በልምምድ ይማራል፤ መለማመዱን ግን አያስታውስም። ስክቪል እና ብሬንዳ ሚልነር እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን ካሳተሙ በኋላ ሂፖካምፐስ የትውስታ ጥናት ማዕከል ሆነ።

ትውስታው እንዴት ይቀረጻል?

አንድ ሰው ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና ሲጓዝ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ላይ ብርድና ጉም ይቀበሉታል። ከዚያ ወደ ሪራ ቁልቁል ሲወርድ ጥቅጥቅ ወዳለው የሐረና ጫካ ይገባል፤ በመጨረሻም ሞቃታማው ቆላ ላይ ይደርሳል። ብርዱን የሚመዘግበው፣ ጉሙን የሚያየው፣ የጫካውን ሽታ የሚለየውና የአብሮ ተጓዡን ድምፅ የሚሰማው የአንጎል ቅርፊት ክፍል የተለያየ ነው። እነዚህ ሁሉ መረጃዎች ወደ ሂፖካምፐስ ይፈስሳሉ። በዚያም የተወሰኑ የነርቭ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ይህ የሕዋሳት ስብስብ የዚያ ጉዞ ምልክት ይሆናል።

ጆን ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ በሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳው በአንድ የተወሰነ ቦታ ሲገኝ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት አሉ። በአንዱ ማዕዘን አንዱ ሕዋስ፣ በሌላው ማዕዘን ሌላው ይነቃል። ይህ ግኝት ከሞዘር ባልና ሚስት ሥራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የገጠመኝ ትውስታ ከቦታ ጋር ይህን ያህል የተቆራኘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አብረው የነቁ ሕዋሳት ግንኙነታቸው እንዲጠነክር የሚያደርገው በሲናፕስ ላይ የሚካሄድ ለውጥ ነው። ከላኪው ሕዋስ የሚወጣው ግሉታሜት በተቀባዩ ሕዋስ ላይ ያለውን ኤንኤምዲኤ የተባለ ተቀባይ ያገኛል። ይህ ተቀባይ በማግኒዥየም የተዘጋ በር ይመስላል፤ የሚከፈተው ግሉታሜት ሲደርሰውና ተቀባዩ ሕዋስ ራሱ በዚያው ቅጽበት ሲነቃ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ በሲናፕሱ ላይም ተጨማሪ ተቀባዮች እንዲተከሉ ያደርጋል። በዚህም ያው ምልክት በሌላ ጊዜ ሲመጣ የበለጠ ምላሽ ያገኛል። ብሊስ እና ሎሞ ይህን የሲናፕስ መጠንከር በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1973 አሳትመዋል። ለውጡ ለቀናትና ለዓመታት እንዲዘልቅ ግን ሕዋሱ አዳዲስ ፕሮቲኖችን መሥራት ይኖርበታል።

ሥራው በዚያው ቀን አያበቃም። በእንቅልፍ ጊዜ ቀን የነቁት ሕዋሳት እንደገና እንደሚነቁ በአይጦች ላይ ታይቷል። ይህ ድግግሞሽ ትውስታውን በአንጎል ቅርፊት ላይ ለማጽናት እንደሚረዳ ይታመናል። ፍርሃትና ድንጋጤ ሲኖር ደግሞ አሚግዳላ የተባለው ክፍል ቀረጻውን ያጠነክራል። የታመመ ልጅ ታቅፋ ያደረች እናት ዋናውን ድንጋጤ ለዓመታት አትረሳም፤ ዙሪያውን የነበሩ ዝርዝሮችና የጊዜ ርዝመት ግን በዚያው መጠን ላይያዙ ይችላሉ።

ትውስታው እንዴት ይመለሳል?

ለማስታወስ የገጠመኙ ሙሉ መረጃ አያስፈልግም፤ ቁራጩ ይበቃል። በሳነቴ ያለፈ ሰው ከዓመታት በኋላ የእርጥብ ጫካ ሽታ ቢሸተው ሽታው ከቀድሞዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ያነቃል። እነዚህ በጠነከሩት ሲናፕሶች አማካይነት ጓደኞቻቸውን ይጠራሉ፤ ስብስቡም ይሟላል። ከዚያ በአንጎል ቅርፊት ላይ ተበትነው የነበሩት የብርዱ፣ የጉሙና የድምፁ አሻራዎች በአንድነት ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል በአንጎላቸው ኤሌክትሮድ የተቀመጠላቸው ሕመምተኞች አጫጭር ፊልሞችን እንዲያዩ ተደረገ። በኋላ ያዩትን ሲያስታውሱ፣ ፊልሙን ሲያዩ የነቁት ሕዋሳት ሕመምተኞቹ ከመናገራቸው ጥቂት ቀደም ብለው እንደገና ነቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የሱሱሙ ቶኔጋዋ ቡድን በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ፍርሃት ሲቀረጽ የነቁትን ሕዋሳት በብርሃን በማነቃቃት ብቻ እንስሳው በሌላ ቦታ ሆኖ በፍርሃት እንዲደርቅ አድርጓል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር፣ ማስታወስ እንደገና መገንባት መሆኑ ነው። በተነሣ ቁጥር ትውስታው ለጊዜው ይላላል፤ ተመልሶ ሲጸና በመካከል የሰማው ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል። እናቲቱ ልጇ «ለሁለት ሰዓት ተንቀጠቀጠ» ብትል ሆን ብላ አላጋነነችም። ጎረቤት «ይህ እንኳ ከወባ የተለየ ነው» ብሏት ከሆነም፣ ያ ቃል በማግሥቱ ራሷ ያየችው መስሎ ሊታወሳት ይችላል።

ቀረጻው የሚሰናከልባቸው ሁኔታዎች

የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ትውስታን ለመቅረጽ የሚጠቀሙበት የግሉታሜትና የካልሲየም መንገድ ሲበዛ ይገድላቸዋል። በተራዘመ መንቀጥቀጥ፣ በኦክስጅንና በስኳር እጥረት ጊዜ ግሉታሜት ከልክ በላይ ይፈስሳል፤ ካልሲየም ሕዋሱን ያጥለቀልቃል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ሲኤ1 የተባለው የሂፖካምፐስ ክፍል በተለይ ለኦክስጅን እጥረት እጅግ ተጋላጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቫርጋ-ካዴም እና ባልደረቦቻቸው በለጋ ዕድሜያቸው ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ሦስት ወጣቶችን ታሪክ አቅርበዋል። ወጣቶቹ ማንበብና መጻፍ ችለው ትምህርት ቤት ቢማሩም፣ የዕለት ውሏቸውን ማስታወስ አልቻሉም ነበር።

ከባድ ወባ ከላይ የተጠቀሱትን ጉዳቶች በአንድነት ሊያመጣ ይችላል። በኡጋንዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ የአንጎል ወባ ታመው ከዳኑ ሕፃናት መካከል ከሁለት ዓመት በኋላ 26.3 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ችሎታ ጉድለት፣ በተለይም የትኩረት ጉድለት፣ ታይቶባቸዋል፤ ከአካባቢው ጤነኛ ሕፃናት መካከል ይህ የታየው በ7.6 በመቶ ነበር። ጉድለቱ ልጁ ከአልጋ ሲነሣ አይታይም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» ወይም «ዝንጉ» በሚል ስም ይገለጣል።

ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

የሕመም ታሪክ ሲወሰድ ጥያቄው ክፍት ይሁን። «መንቀጥቀጡ በመላ ሰውነቱ ነበር አይደል?» ከሚል ይልቅ «ያየሽውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» ቢባል፣ በምትናገረውም ቋንቋ ቢጠየቅ፣ ትውስታው ሳይበረዝ ይወጣል። ለማስታወስ ስትቸገር ቦታውንና ሰዓቱን ማንሣት ይረዳል፦ ልጁ የት ተኝቶ ነበር? ከእራት በፊት ነው በኋላ? ዶሮ ጮኾ ነበር? የጊዜን ርዝመት ከደቂቃ ይልቅ በድርጊት መለካት የተሻለ ነው፤ ለምሳሌ ጎረቤት ተጠርቶ እስኪመጣ ቆይቶ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መላ ሰውነቱን ስላንቀጠቀጠው ሕመም ሲጠየቅ «አላውቅም» ቢል፣ ሕዋሳቱ በዚያ ጊዜ ሊቀርጹ ስላልቻሉ ነው። ታሪኩ ካየው ሰው ይወሰድ። ሬድዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ውጤት የሚጥል በሽታ ስርጭት ከ1,000 ሰው 5.2 መሆኑ ስለተመዘገበ፣ ይህ ጥያቄ በየጤና ጣቢያው የሚያጋጥም ነው። ዲያዜፓም የተሰጠው ሕመምተኛም ለሰዓታት አዲስ ነገር በሚገባ አይቀርጽም፤ የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር ለአስታማሚውም ጭምር ይነገር።

ልጁን በተመለከተ ጊዜ ወሳኝ ነው። 5 ደቂቃ አልፎት ያልቆመ መንቀጥቀጥ ወዲያውኑ በመድኃኒት መቆም አለበት፤ 30 ደቂቃ ሲሞላ ዘላቂ የሕዋስ ጉዳት የሚያሰጋበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ራሱን በሳተ ሕፃን ሁሉ የደም ስኳር ይለካ፤ ከ5 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን በዴሲሊትር ከ54 ሚሊግራም በታች ከሆነ ሳይዘገይ ግሉኮስ ይሰጥ፤ መለካት ካልተቻለም እጥረት እንዳለ ተቆጥሮ ይታከም። አየር ቧንቧው ክፍት መሆኑ ይረጋገጥ። ወደ ጎባ ሪፈር የሚባል ከሆነ መንገዱ ሐረናን አቋርጦ ሳነቴን የሚወጣ ረጅም አቀበት በመሆኑ፣ የመጀመሪያው የአርቴሱኔት መጠንና የስኳሩ ሕክምና ከመነሣቱ በፊት መሰጠት አለባቸው። ከዳነም በኋላ ቤተሰቡ የልጁን ትምህርትና ትኩረት እንዲከታተል፣ ችግር ካዩም ይዘውት እንዲመለሱ ይነገራቸው።

እናቲቱ የዚያን ሌሊት ፍርሃት ለዘመናት ታስታውሰዋለች። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ቀናት ሁሉ ማስታወስ መቻሉ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በጤና ጣቢያው በሚያሳልፋቸው በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።