ምቱ ተረጋግቶ ግፊቱ ሲያሻቅብ

(ድምፅ፦ የግፊት መለኪያ ሲነፋ፣ ከዚያም አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ)

ተራኪ፦ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን የደም ግፊት መለኪያ ኢጣሊያዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። አሠራሩ በጣት ነበር፤ የእጅ አንጓን ትርታ እየዳሰሱ፣ ትርታው የጠፋበትን ቁጥር ማንበብ። በዚህ መንገድ የላይኛው ግፊት ይገኛል፤ የታችኛው አይታወቅም። በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ ቀዶ ሐኪሙ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ማዳመጫ ጨመረበት።

(ድምፅ፦ በማዳመጫ የሚሰማ ምት፤ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል)

ይህ የልብ ድምፅ ይመስላል፤ አይደለም። ተጨፍልቆ የቆየው የደም ስር ሲላላ፣ ደሙ በጠባቡ መንገድ ሲሾልክ የሚያሰማው ነው። ድምፁ የጀመረበት የላይኛው ቁጥር፣ የጠፋበት የታችኛው ነው። ነርሷ የክርናችን መታጠፊያ ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ዛሬም የምታደምጠው ይህንኑ ነው።

የልብ ምት ሌላ ነው። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ግፊት ደግሞ ደሙ የደም ስሩን ግድግዳ በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ይነግረናል። የእንጦጦን ዳገት የሚሮጥ ጤነኛ ሰው ምቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው ግፊቱም ይጨምራል፣ እጥፍ ግን አይሆንም፤ በሚሠሩት ጡንቻዎች ውስጥ ያሉት የደም ስሮች ይሰፋሉና። የደም ስሮቹ የጠበቡበትና የደረቁበት ሰው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምቱ 70 ሆኖ፣ የላይኛው ግፊቱ 180 ሊደርስ ይችላል። ራሱን ላያመው፣ ልቡም ላይደልቅበት ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። “ልቤ አይደልቅም፣ ድኛለሁ” ብሎ የግፊት መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው አለ። ለግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል አምሎዲፒን የደም ስሩን ያላላል እንጂ ልብን አያዘገይም። አቴኖሎል ግን ምቱንም ግፊቱንም ይቀንሳል፤ እሱን ለሚወስድ ሰው የምቱ መረጋጋት የመድኃኒቱ ሥራ እንጂ የመዳን ምልክት አይደለም። በድንገት ካቋረጠው ልቡ ሊፈጥን፣ ግፊቱም ሊያሻቅብ ይችላል።

ምትና ግፊት አይገናኙም ማለቴ አይደለም። ጭንቀት፣ ሕመም፣ አሁን የተጠጣ ቡና ሁለቱንም ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመለካት በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትክክል አሳርፎ፣ ሳያወሩ 5 ደቂቃ መቀመጥ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምቱ የቱንም ያህል ቢረጋጋ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሲለኩም ሦስቱንም ቁጥር ጠይቀው ይጻፉ፤ የላይኛውን፣ የታችኛውንና ምቱን።