ለተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች አስተማማኝ የቡድን ስርጭት፦ የጠፋው ፓኬት የት ይተካ?

በአንድ አዳራሽ ያሉ ሃያ ስልኮች አንድን ፋይል በዋይፋይ ይቀበላሉ እንበል። ላኪው ሃያ ጊዜ ከመላክ ይልቅ በቡድን አድራሻ አንድ ጊዜ ቢልክ የአየር ጊዜ ይቆጠባል ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም በአይ ትሪፕል ኢ 802.11 ደረጃ ለአንድ ተቀባይ የተላከ ፍሬም የመድረስ ማረጋገጫ ካላገኘ ሲደገም፣ ለቡድን የተላከው ግን በተለመደው አሠራር ማረጋገጫ ስለሌለው የጠፋው ጠፍቶ ይቀራል። ደካማ ምልክት የሚደርሰውም ተቀባይ እንዲሰማ ሲባል ስርጭቱ ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ፍጥነት ይከናወናል። በእ.ኤ.አ. 2012 የወጣው 802.11ኤኤ የቡድን ፍሬሞችን የመድገሚያ ሥርዓት ቢጨምርም፣ የላይኛው ፕሮቶኮል በእርሱ ብቻ ሊተማመን አይችልም።

ሁሉም ተቀባይ «ደርሶኛል» ቢል ላኪው በምላሽ ይጥለቀለቃል። በእ.ኤ.አ. 2009 በአርኤፍሲ 5740 የተደነገገው ኖርም የተባለው ፕሮቶኮል ስለዚህ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ የሚናገረው የጎደለበት ብቻ ነው፤ እርሱም በዘፈቀደ የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል፤ ጥያቄው በሌላ መቅረቡን ካወቀ ዝም ይላል። ጥገናው ደግሞ የጠፋውን ፓኬት ራሱን መድገም ላይሆን ይችላል። ከአሥር ፓኬቶች አንዱ ስልክ 3ኛውን፣ ሌላው 7ኛውን ቢያጣ፣ የአሥሩ የኤክስኦር ድምር የሆነ አንድ ፓኬት ለሁለቱም ይበቃል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ገደቡም እንዲሁ። አንድ ስልክ ሁለት ካጣ ይኸው ድምር አይረዳውም።

ተንቀሳቃሽነት የሚያመጣው ጉድለት ደግሞ በትክክል የዚህ ዓይነት ነው። መሣሪያው ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ሲሻገር የሚያጣው አንድ ፓኬት ሳይሆን ተከታታይ ፓኬቶችን ነው። በአዲሱ አውታር የቡድኑ አባል ከሌለ የስርጭቱ ዛፍ እስኪደርስ ተጨማሪ ጊዜ ያልፋል፤ ቀድሞ ቢኖርም የሁለቱ አውታሮች ስርጭት እኩል ላይራመድ ይችላል። አዲሱ ከቀደመ ክፍተት፣ ከዘገየ ድግግሞሽ ይፈጠራል፤ ይህን የሚለየው የፓኬቱ ተራ ቁጥር ነው። ክፍተቱን ለመሙላት የቀድሞው ጣቢያ የቅርብ ጊዜ ፓኬቶችን ይዞ ለአዲሱ ማስተላለፍ ይገባዋል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ለሚፈስ ስርጭትና ለግማሽ ሰከንድ መቋረጥ የሚያስፈልገው ማከማቻ 125 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ የጥገናውን ሸክም ሁሉ በሩቁ ላኪ ላይ መጫን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ተንቀሳቃሹ ራሱ ላኪ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በምንጭ ላይ በተመሠረተ ስርጭት ዛፉ የተተከለው በላኪው አድራሻ ነው። አድራሻው ሲለወጥ ተቀባዮች የተመዘገቡበት ምንጭ ይጠፋል፤ የቀድሞውን አድራሻ ይዞ ከአዲስ ቦታ ቢልክም ራውተሮች ፓኬቱ በማይጠበቅበት አቅጣጫ ስለመጣ ይጥሉታል። በሞባይል አይፒ ያለው መፍትሔ ፓኬቱን ጠቅልሎ ወደ ቤት ወኪል መላክና ከዚያ ማሰራጨት ነው፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ ዛፉ አይነቀልም። ለተቀባይ ግን ይህንኑ መንገድ አልመርጥም፤ የተለያዩ የቤት ወኪሎች አንዱን ፓኬት ወደ አንድ አውታር ደጋግመው ሊያስገቡ ይችላሉና፣ በአዲሱ ቦታ በቀጥታ መመዝገብ ይሻላል።

በማስመሰያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። እያንዳንዱ ፓኬት ለብቻው በዘፈቀደ ይጠፋል የሚል ሞዴል ለኤክስኦር ጥገና ያደላል፤ የሽግግሩን ተከታታይ ጉድለት ግን አያሳይም።