ግድያ መዝናኛ ሲሆን

በይፋት ቆላ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛል። ሆኖም በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ሰዎች ተገደሉ፤ ቤቶችም ተቃጠሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ተኩስን በፊልም ሳይሆን በደጃፋቸው የሰሙ ልጆች ዛሬ በዚያ ያድጋሉ።

ታዲያ እነርሱም ሆኑ የእኛ ልጆች ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት ምን ያያሉ? በብዙ ፊልም ተበቃዩ ጀግና ነው፤ ለሞተው ግን የምታለቅስ እናት፣ የሚተከል ድንኳን የለም። በስልክ የሚደርሰን ምስል ደግሞ ይብሳል፤ እውነተኛ ሰው ሲገደል ያሳያል። “የእነዚያ ወገን ነው” ብለን ሳናዝን ካለፍነው ልባችን ደንድኗል።

በኖኅ ዘመን ምድር በግፍ ስትሞላ እግዚአብሔር አዝኗል (ዘፍጥረት 6)። የአቤልንም ደም ጩኸት ሰምቷል (ዘፍጥረት 4)። እርሱ በሚያዝንበት ነገር እኛ እንዴት እንዝናናለን?

ባልና ሚስት ሆይ፣ በቤታችሁ የማይታየውን ተመካክራችሁ ወስኑ። የግድያ ምስል ሲደርሳችሁ ለሌላ አታስተላልፉ። ልጆቻችሁ ያዩትንና የፈሩትን ሲነግሯችሁ ሳትቆጡ አድምጧቸው። ከዚያም በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን ለቀበሩ እናቶች አብራችሁ ጸልዩ።