ክረምት ያለበሰው ጓሮ

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ደጋዎች፣ በመኖሪያ ግቢያቸው አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች ምክር መስጠት ሙያዬ ስለ ሆነ፣ ዐደይ አበባ በፈነዳ ቍጥር የሚጠሩኝ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አቀባበል ያደርጉልኛል። ባለቤቱ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ ከሰኔ ወዲህ እግሩ ያልረገጠውን፣ ሙጃው ወገብ የደረሰበትን፣ መደቡ ከቦዩ የማይለይበትን ጓሮውን እያሳየኝ ይቅርታ መጠየቅ ይጀምራል። እኔ ግን ይህን ኀፍረት ተገቢ ሆኖ አግኝቼው አላውቅም። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም በሚያወርዱበት አገር፣ በሰኔ ተቈፍሮ ዕራቍቱን የቀረ መሬት ለም አፈሩን ለጎርፍ ሲያስረክብ፣ አረም የለበሰው ግን የጠብታውን ኀይል በቅጠሉ ተቀብሎ፣ አፈሩን በሥሩ ጨብጦ፣ ውሃ አጥቦ ሊወስደው የነበረውን ናይትሮጅን ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ ስቦ ያቆይለታል። ስለዚህ ትጉህ ተብሎ መሬቱን አራቍቶ ከከረመው ሰውና ሰነፍ ተብሎ ለአረም ከተወው ጎረቤቱ፣ በመስከረም የተሻለ አፈር የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ በሰነፉ ጓሮ ነው።

ይህ የአረም ውለታ ግን ቀን የተቈረጠለት ነው። ሙጃ በዝናም በቅሎ፣ በዚያው ዓመት ዘሩን አራግፎ የሚደርቅ ሣር እንደ መሆኑ፣ ዘሩ ሳይበስል የታጨደ እንደ ሆነ ለአፈሩ ምግብ ይሆናል፤ በስሎ ከረገፈ ግን የሚመጡትን ክረምቶች ሁሉ ባለዕዳ ያደርጋል። በሌላ በኩል ደግሞ መሬቱ ሳይጠነፍፍ ዶማ ማንሣት ከዚያ የከፋ ጥፋት ነው፤ መረሬ አፈር በርጥበቱ ከተገለበጠ፣ ጓሉ ፀሓይ ሲመታው እንደ ጡብ ደርቆ፣ እስከ በልግ ድረስ ሥር የማያስገባ ይሆናልና። ብዙ ሰው ዘመን ሲለወጥ ክረምቱም አብሮ ያለፈ ይመስለዋል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቈጥረው፣ መስከረምንም እስከዚያው ቀን ድረስ ዮሐንስ፣ ፍሬ፣ መስቀል እያሉ ከፋፍለው በዚያው በክረምቱ ክፍል ውስጥ ያኖሩታል፤ ስለ ዶማ አስበው ባይሆንም፣ የደጋ አፈር በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋር ይስማማል። እኔም በቍጥራቸው ብቻ አልወሰንም፤ አንድ ስንዝር ያህል ቈፍሬ፣ አፈሩን በእጄ ጨብጬ በአውራ ጣቴ እገፋዋለሁ፤ ከተፈረፈረ ዶማው ይግባ፣ እንደ ተጣበቀ ከቀረ ግን ለማጭድ እንጂ ለዶማ ጊዜው አልደረሰም።

እስከዚያው ድረስ ከሁሉ የሚጠቅመው ሥራ፣ በችኰላ የሚዘለለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ጓሮውን ዞሮ ማንበብ ነው። እንግጫ የበዛበት ጥግ ውሃ እንደሚተኛበት ስለሚናገር፣ ሽንኩርት ከመትከል በፊት ቦይ መቅደድ ያሻዋል። ሳማ ጠንክሮ የበቀለበት ሥፍራ ፍግ የጠገበ ነውና ለጎመን ከዚያ የተሻለ የለም። የማገት ሥር ተነቅሎ ሲታይ ጥቃቅን እንክብሎች ይገኙበታል፤ ሲፈርጡም ውስጣቸው ቀላ ብሎ ከታየ፣ ከአየር ናይትሮጅን እየሳቡ በሥራ ላይ መሆናቸውን ያስረዳል፤ እንዲህ ያለውን ተክል ከሥሩ ነቅሎ መጣል በረከትን መጣል ስለ ሆነ፣ ከላይ አጭዶ ሥሩን በመሬት ማስቀረት ይገባል። ሰርዶን ግን የተለየ ፍርድ ይጠብቀዋል። ሰርዶ በዶማ በተቈራረጠ መጠን፣ እያንዳንዱ ቍራጭ ራሱን የቻለ ተክል ስለሚሆን፣ በትዕግሥት እየተለቀመ ከጓሮው መውጣት አለበት፤ በዚህ ሥራ የሚቸኵል ሠራተኛ ሰርዶን ሲያጠፋ ሳይሆን ሲዘራ ይውላል።

በእንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ በአረሙ መካከል ብቅ ብቅ ያሉትን የሐበሻ ጎመኖች እንዳልነካባቸው አጥብቀው ያዙኝ። «ተወው ልጄ፤ ወፍ ዘራሽ ነው፤ ያልለፋሁበትን በምን እጄ እነቅለዋለሁ?» አሉኝ፤ ነገራቸው እውነት ስለ ሆነ ተውኩት። ከአምናው ቅሬታ የበቀሉትን ድንቾች ላወጣ ጎንበስ ስል ግን «እነርሱስ ወፍ ዘራሽ አይደሉም?» ብለው ከለከሉኝ። «ድንችን ወፍ አይዘራውም፣ እማማ» ብዬ በቅጠሉ ላይ የወጣውን ጥቍር ነጠብጣብ አሳየኋቸው። ክረምት የሚወደው ያ የድንች በሽታ፣ በመሬት ውስጥ በተረሳ ድንች ላይ ሰንብቶ አዲሱን ተክል ይወርሳልና፣ ቅሬታው እስከ ፍሬው ተለቅሞ መውጣት አለበት፤ ከብስባሹም ጕድጓድ መግባት የለበትም። ቅር እያላቸው ፈቀዱልኝ።

ሙጃውና ማገቱ ታጭዶ በመደቡ ላይ ከተነጠፈ በኋላ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ ምን ይተከል ብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ መልሼ ስንት ጀሪካን ውሃ አለ ብዬ እጠይቃለሁ። ሰማዩ ከጠራ በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን አራት ወይም አምስት ሊትር ስለሚያስፈልግ፣ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አንድ ሜትር ስፋትና አምስት ሜትር ርዝመት ላለው መደብ እንኳ የሚበቃው በጭንቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥርም ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ፣ በጥቅምት የልብ ልብ ብሎት ቲማቲም ለሚተክል የረባዳ ባለግቢ አዝንለታለሁ። እኒያ እናት ከቦኖ የሚያስቀዱት ሁለት ጀሪካን ነበር፤ አንዱ ለቤት ስለሚውል፣ አንዱን መደብ ለነጭ ሽንኩርትና ለቆስጣ ከፍለን፣ የቀሩትን ሣራቸውን እንደ ለበሱ ለበልግ አቆየናቸው።